ፍሬ ነገሩ መጨረሻ ላይ የተቀመጠበት ማስታወሻ፦ የስሪ ማይል አይላንድ ጉዳይ

በመሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ መመሪያ ወይም የውስጥ ማስታወሻ ለሚጽፍ ሰው «አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጥለት» ብባል፣ የስሪ ማይል አይላንድን ማስታወሻዎች እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህ የአሜሪካ ኒውክሌር ማመንጫ የደረሰውን አደጋ ብዙ ሰው በስሙ ያውቀዋል። በአሜሪካ የንግድ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከአደጋው በፊት ስለዚያው አደጋ የተጻፉ ማስጠንቀቂያዎች እንደነበሩ ነው። የጻፏቸው ሰዎች ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ መሐንዲሶች ናቸው። ሰዋስዋቸው ንጹሕ ነው። ቴክኒካዊ ይዘታቸውም በአብዛኛው ትክክል ነው። መልእክቱ ግን ማወቅ የነበረባቸው ሰዎች ዘንድ አልደረሰም።

እኔ የምተዳደረው የቴክኒክ ሰነድ በመጻፍ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የማየው እንደ ኒውክሌር ባለሙያ ሳይሆን የራሱን ጽሑፍ ማረም ዋና ሥራው እንደሆነ ሰው ነው። የራስን ጽሑፍ ማረም ሲባል ብዙዎቻችን የፊደል ግድፈት መልቀም ይመስለናል። ይህ ጉዳይ ሌላ ነገር ያሳያል።

መጀመሪያ ትንሽ ቴክኒክ እንይ። የስሪ ማይል አይላንድ ዓይነት ሪአክተር እምብርት፣ ማለትም ነዳጁ ያለበት ክፍል፣ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት። ውሃው በከፍተኛ ግፊት ስለሚያዝ ቢግልም አይፈላም። ግፊቱን የሚጠብቀው ፕሬሸራይዘር የሚባል ታንክ ነው። ታንኩ ከታች ውሃ፣ ከላይ እንፋሎት ይይዛል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ አናቱ ላይ ያለው ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈታል፤ ሲወርድ ደግሞ መዘጋት አለበት። ሳይዘጋ ከቀረ ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያው ሾልኮ ይወጣል። ያኔ የአደጋ ጊዜ ፓምፖች በራሳቸው ተነስተው በከፍተኛ ግፊት ውሃ ያስገባሉ።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ኦፕሬተሮቹ በጠቅላላው ሥርዓት ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ የሚገምቱት የዚያን ታንክ የውሃ ከፍታ አይተው ነበር። ታንኩ ጢም ብሎ በውሃ እንዳይሞላም አጥብቀው ተምረዋል፤ ከሞላ ግፊቱን መቆጣጠር ይቸግራልና። ቫልቩ ተከፍቶ ሲቀር ግን ሥርዓቱ ውሃ እያጣ የታንኩ ከፍታ ይጨምራል። ጀበና ሲገነፍል ቡናው እስከ አንገቱ ይወጣል፤ በውስጡ ያለው ቡና ግን አልጨመረም። ኦፕሬተሩ ከፍታው ሲወጣ ያያል፣ «ውሃው በዝቷል» ይላል፣ ፓምፑን ያጠፋል። ያውም ፓምፑ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1977 ኦሃዮ ውስጥ፣ ከቶሊዶ ከተማ ብዙም በማይርቀው የዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ልክ ይህ ነገር ሆነ። ቫልቩ ተከፍቶ ቀረ። የታንኩ ከፍታ ጨመረ። ኦፕሬተሮቹ ፓምፖቹን አጠፉ። ሪአክተሩ በ9 በመቶ ኃይል ብቻ እየሠራ ስለነበረና ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ የቫልቩ ነገር ስለተደረሰበት ጉዳት ሳያደርስ አለፈ። ሪአክተሩን ያቀረበው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ የተባለው ኩባንያ ነበር። የስሪ ማይል አይላንድንም ሪአክተር ያቀረበው እሱ ነው።

ሦስት ጸሐፊዎች፣ አንድ ጉዳይ

መጀመሪያ የጻፈው ኬሊ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ነው። ወደ ዴቪስ ቤሲ ሄዶ ነገሩን አጣርቷል። ኖቬምበር 1 ቀን 1977 ለሰባት ሰዎች አንድ ማስታወሻ ላከ። ይዘቱ ጥሩ ነበር። ፓምፖቹ አንዴ ከተነሱ በምን ሁኔታ ብቻ መጥፋት እንዳለባቸው በግልጽ ዘርዝሯል። ዝርዝሩን ግን በምን ሸፈነው? ለደንበኞች በቂ መመሪያ እየሰጠን አይደለም «ይሆናል» አለ። ምን ዓይነት መመሪያ ልንሰጥ እንደሚገባ «እያሰብኩ ነው» አለ። መጨረሻ ላይም ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል ብሎ ዘጋ። በእጅ የተጻፈ አንድ መልስ መጣለት። መልሱ ኦፕሬተሮቹ በሰለጠኑት መሠረት ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት የሚል ነበር። ሐሳብ ጠየቀ፤ ሐሳብ ተሰጠው። ነገሩ በዚያው ቆመ።

ሁለተኛው በርት ደን ነው። የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣ ሥርዓቶችን የሚተነትነውን ክፍል ይመራ ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1978 የጻፈው ማስታወሻ ከኬሊ በጣም ይጠነክራል። ሪአክተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራ ቢሆን ኖሮ እምብርቱ ከውሃ ውጭ ሊሆንና ነዳጁ ሊጎዳ ይችል እንደነበር፣ ምናልባትም ሳይሆን እንደማይቀር ጻፈ። ነገሩ እጅግ ከባድ ስለሆነ አስቸኳይ እርማት እንደሚያስፈልገውም ተናገረ። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ ከባልደረባው ጋር ተነጋግሮ የተሻሻለ ሐሳብ ላከ። ፓምፖቹ አንዴ ከተነሱ የውሃው ሙቀት ከመፍያ ነጥቡ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ዝቅ ማለቱ እስኪረጋገጥ አይጥፉ የሚል ነው።

ሦስተኛው ሃልማን ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የእሱ ጽሑፍ ነው። የሚሠራው ከደንበኞች ጋር በሚገናኘው ክፍል ውስጥ ነበር። የደን ሐሳብ ለኦፕሬተሮች የሚደርሰው በዚሁ ክፍል በኩል ነው። ክፍሉ ግን ጥያቄ ነበረው። ፓምፖቹ ሳይጠፉ ከቀሩ ታንኩ በውሃ ይሞላል፤ ያ ደግሞ የራሱን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ኦገስት 3 ቀን 1978 ሃልማን ጉዳዩን ይወስንልኝ ብሎ ለሌላ ክፍል ኃላፊ ጻፈ።

የማስታወሻውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ርዕሱ ኦፕሬተር የከፍተኛ ግፊት ውሃ ማስገቢያን ስለማቋረጡ ይላል። ከዚያ የደንን ሁለት ማስታወሻዎች በቁጥር ይጠቅሳል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አባሪ 1 እና 2 የኩባንያውን «ፍልስፍና» ለመለወጥ ሐሳብ ያቀርባሉ የሚል ነው። ከዚያ ሐሳቡ ምን እንደሆነ በቴክኒክ ቋንቋ ይዘረዝራል። ከዚያ ክፍላችን ይህ አሠራር ታንኩን በውሃ ሊሞላ ይችላል ብሎ ያምናል ይላል። ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎች በቁጥር፣ በየራሳቸው መስመር ተቀምጠዋል፦ የግፊት ዝላይ ጉዳት ያደርሳል ወይ? በማስተንፈሻው የሚወጣው ውሃ ቧንቧዎቹንና ተቀባዩን ታንክ ይጎዳል ወይ? ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ምክንያት ለደንበኞች እስካሁን ምንም እንዳልተላከ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ «ሆኖም» ብሎ በሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አሁን ያለው አሠራር ከቀጠለ እምብርቱ ከውሃ ውጭ ሊሆን እንደሚችል አባሪዎቹ ይጠቁማሉ ይላል። ማሳረጊያው ጉዳዩ እንዲፈታ መጠየቅና እርዳታ ካስፈለገ ዝግጁ ነን ማለት ነው።

ውሳኔ አልመጣም። ሃልማን ነገሩን ደጋግሞ ቢከታተልም ለደንበኞች የሄደ አዲስ መመሪያ አልነበረም።

ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሃሪስበርግ አቅራቢያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ሁለተኛ ሪአክተር ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው መብራት የሚያሳየው ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መሄዱን እንጂ በትክክል መዘጋቱን አልነበረም። ፓምፖቹ በራሳቸው ተነሱ። የታንኩ ከፍታ ጨመረ። ኦፕሬተሮቹ አንዱን ፓምፕ አጠፉ፣ የሌላውንም ውሃ ቀነሱ። በቫልቩ የሚያልፈው መስመር የተዘጋው ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የእምብርቱ ክፍል ከውሃ ውጭ ሆኖ መጎዳት ጀምሮ ነበር። ግማሽ ያህሉ መቅለጡ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ፕሬዚዳንት ካርተር በጆን ኬሜኒ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ባወጣው ሪፖርት የደንን ማስታወሻ አንስቶ፣ ከአደጋው 13 ወር ቀደም ብሎ ቢጻፍም ምንም አዲስ መመሪያ አለመውጣቱን መዘገበ። ከአደጋው ሳምንት ያህል በኋላ ደግሞ የአገሪቱ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ማመንጫዎች ትእዛዝ ላከ። በትእዛዙ ውስጥ ፓምፕ ለማጥፋት የተቀመጠው መለኪያ ያው 50 ዲግሪ ነበር።

ጽሑፉ ላይ ምን ጎደለ?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አደጋውን ያመጣው ማስታወሻ አይደለም። የሚያሳስት መብራት፣ የተዛባ ሥልጠና፣ ኃላፊነትን በየክፍሉ የበተነ ድርጅት፣ ከዴቪስ ቤሲ ያልተማረ ቁጥጥር ሁሉ ድርሻ አላቸው። ጉዳዩን ካጠኑት መካከል ጥፋቱ የድርጅቱ ነው፣ ጽሑፉን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ አሉ። በአብዛኛው እስማማለሁ። ይሁን እንጂ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ከሰዓት ሊለወጥ ይችል የነበረው ነገር የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ለጸሐፊ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለም።

ሃልማን የጻፈው ነገሩ ወደ እሱ በመጣበት ቅደም ተከተል ይመስለኛል። መጀመሪያ የደን ማስታወሻ ደረሰው። ከዚያ ክፍሉ ተወያየ፣ ጥያቄ አነሳ። ከዚያ ለደንበኞች አለመላካቸው አሳሰበው። ጽሑፉም ያንኑ መንገድ ይከተላል። ሁላችንም የመጀመሪያውን ረቂቅ እንዲህ ነው የምንጽፈው፤ ምንም ነውር የለውም። ረቂቁ ለራሳችን ማሰቢያ ነው። ማረም የሚጀምረው ይህን መንገድ አፍርሰን አንባቢው ለመወሰን በሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ስንገነባው ነው። ኃላፊው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው? ማመንጫዎቻችን አደጋ ላይ ናቸው። ቀጥሎ? መፍትሔ አለ፣ ግን ታግዷል። ቀጥሎ? የሚያነሳው አንተ ነህ።

ሌላው ነገር ክብደት ነው። አንባቢ ገጹን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው በቁጥር የተለዩት መስመሮች ላይ ነው። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸው ስለ ቧንቧና ስለ ግፊት የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የእምብርቱ ጉዳይ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ነው። ቸኩሎ ለሚያነብ ኃላፊ ይህ ወረቀት በየቀኑ እንደሚመጡት የተለመዱ የቴክኒክ ጥያቄዎች ይመስላል። ጽሑፉ ውሸት አልተናገረም። ግን የቧንቧ ጉዳትንና የሪአክተር መቅለጥን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ቀላሉን ወደ ፊት አመጣው።

ስለ ማመንታትም ልበል። ኬሊ «ይሆናል» ሲል፣ ሃልማን «ይጠቁማሉ» ሲል ጥንቃቄያቸው ይገባኛል። መሐንዲስ ያላረጋገጠውን አይናገርም፤ መናገርም የለበትም። ነገር ግን ጥርጣሬ ያለበት ቦታ የተወሰነ ነው። ኬሊ በዴቪስ ቤሲ ፓምፖቹ መጥፋታቸውን አይጠራጠርም። ሃልማንም የሚጠራጠረው ታንኩ ቢሞላ ቧንቧው ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነው። ሲታረም ማመንታቱ እዚያው ብቻ መቅረት ነበረበት። በረቂቃችሁ ውስጥ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይመስላል»፣ «በተወሰነ ደረጃ» የሚሉትን ፈልጉና እያንዳንዱን በምን እንደተጠራጠራችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ይቆይ፤ በይሉኝታ የገባው ይውጣ።

ከዚያ ደግሞ አባሪው አለ። ሃልማን የደንን ማስታወሻዎች አንብቧቸዋል። ስለዚህ «አባሪ 1» ብሎ ሲጽፍ የደን ከባድ ቃላት ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ያስተጋባሉ። ለአንባቢው ግን «አባሪ 1» ባዶ ቁጥር ነው። የራሳችንን ጽሑፍ ማረም የሚከብደን በዚህ ምክንያት ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ ጭንቅላታችን ይሞላዋል። ረቂቅን አሳድሮ ማንበብ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አትሞ ማንበብ የሚጠቅሙት ይህን ሙሌት ትንሽ ስለሚያደበዝዙልን ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። አባሪዎቹን ሁሉ ከሰነዱ ነጥዬ ዋናውን ገጽ ብቻ አነባለሁ። ገጹ ብቻውን ካልቆመ አልጨረስኩም ማለት ነው።

ብናርመውስ?

በሃልማን እጅ ከነበረው መረጃ ብቻ ተነስቼ ማስታወሻውን እንዲህ ባርመው እላለሁ። ቃላቱ የእኔ ናቸው።

«ጉዳዩ፦ የአደጋ ጊዜ ፓምፖችን ያለጊዜው ማጥፋት እምብርቱን ሊጎዳ ስለሚችል ውሳኔ ስለመጠየቅ

ደንበኞቻችን አሁን በሚከተሉት አሠራር ኦፕሬተሮች የአደጋ ጊዜ ፓምፖችን ያለጊዜያቸው ሊያጠፉ ይችላሉ። ይህ ሪአክተሩ በሙሉ ኃይል እየሠራ ከደረሰ እምብርቱ ከውሃ ውጭ ሊሆንና ነዳጁ ሊጎዳ ይችላል። ባለፈው ሴፕቴምበር በዴቪስ ቤሲ ፓምፖቹ በዚሁ መንገድ ጠፍተዋል። ሪአክተሩ ያኔ በ9 በመቶ ኃይል ላይ ነበር።

የደን ክፍል ፌብሩዋሪ ላይ መፍትሔ አቅርቧል። ፓምፖቹ አንዴ ከተነሱ ውሃው ከመፍያ ነጥቡ 50 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ዝቅ ማለቱ እስኪረጋገጥ አይጥፉ።

ይህን መመሪያ ለደንበኞች አልላክንም። የያዘን አንድ ስጋት ነው፦ ታንኩ በውሃ ቢሞላ የግፊቱ ዝላይ ወይም የሚወጣው ውሃ ቧንቧዎቹን ይጎዳ ይሆን?

ይህ ስጋት መመሪያውን ለማገድ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲወስኑልን እንጠይቃለን። ዝርዝሩ በአባሪው ይገኛል።»

ከአደጋው በኋላ ሆኖ እንዲህ መጻፍ ይቀላል። አውቃለሁ። ግን እዚህ ውስጥ ያለው መረጃ በሙሉ እስከ ኦገስት 1978 ድረስ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። የተጨመረ እውቀት የለም። የተቀየረው ቦታው ነው፣ ጥያቄውም ባለቤትና ቀን አገኘ። ኃላፊው ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ ስብሰባ ቢገባ እንኳን ዋናውን ነገር ይዞ ይገባል።

በእኛ ቢሮዎች

ይህን ጉዳይ ሳነብ የአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይታየኛል። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብለን እንጀምራለን። የጉዳዩን ታሪክ ከሥሩ እንተርካለን። የምንፈልገውን ነገር «ስለሆነም» ከሚለው በኋላ፣ ከማኅተሙ ትንሽ ከፍ ብሎ እናስቀምጣለን። ትሕትናው ጥሩ ነው፤ እሱ ይቆይ። ልመናው ወይም ማስጠንቀቂያው ግን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ሊወጣ ይችላል። ማንንም አያስቀይምም።

በአማርኛ ስናርም በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ብንቆም እላለሁ። አንደኛው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በ«ሆኖ»፣ በ«ስለሆነ»፣ በ«በመሆኑም» እየቀጠልን ስንሄድ አንባቢው ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ የሚለውን ለማወቅ አምስት መስመር ይጠብቃል። ለደህንነት መመሪያ ይህ አደገኛ ነው። «ማሽኑ ከመጽዳቱ በፊት መብራቱ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ሽፋኑ እንዲነሳ መደረግ የለበትም» ከማለት «መጀመሪያ መብራቱን አቋርጥ። መቋረጡን አረጋግጥ። ከዚያ ሽፋኑን አንሳ» ይሻላል።

ሁለተኛው ባለቤት የሌለው ሥራ ነው። «ክትትል እንዲደረግ»፣ «በሚመለከተው አካል እርምጃ እንዲወሰድ» እንላለን። ሃልማን ውሳኔውን የጠየቀው አንድን ክፍል በስሙ ጠርቶ ነበር፤ ያም እንኳን አልበቃም። የሚመለከተው አካልማ በየትኛውም ቢሮ በር ላይ ስሙ ተለጥፎ አያውቅም። ስለዚህ በመጨረሻው እርማት ላይ እያንዳንዱን «ይደረግ» እያነሳሁ «ማን? መቼ?» እላለሁ። መልሱን የማላውቅ ከሆነ ስልክ እደውላለሁ፤ ሳላውቅ ከሰነዱ ላይ አላልፈውም።

ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ጉዳዩን የማያውቅ ባልደረባ እፈልጋለሁ። «እባክህ ይህን አንድ ደቂቃ እየው» እለውና ወረቀቱን መልሼ እወስዳለሁ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብዬ አልጠይቀውም፤ ጥሩ ነው ይለኛልና። የምጠይቀው «ይህ ወረቀት ላንተ የተጻፈ ቢሆን አሁን ምን ታደርግ ነበር?» ብዬ ነው። መልሱ እኔ ከፈለግሁት የተለየ ከሆነ አላስረዳውም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንደገና እጽፋለሁ።